መዶሻው በየት በኩል ወረደ?

አባባ፣ ስልኩን ወደ ቀኝ ጆሮህ አዙረው፤
ግራውን መዶሻህ ድሮ ነው የሰበረው።
እዚህ ሜክሲኮ ከተማ ሰማዩ ደንግዟል፤
«ትኩስ ታማል!» የሚል ቴፕ ከአጥር ወዲያ ይዞራል።
ግቢያችን የቆመው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣
ሺትሌ ተራራ ተፍቶት በረጋው ጥቁር ቅላጭ ላይ፤
ቁልቋል በስንጥቁ ሥር ሰዶ ያብባል፤
ዘበኛው መስኮቴን አይቶ «ዛሬም በርቷል» ይላል።

በገና ስመጣ፣ «ሥራሽ ምንድነው?» ስትለኝ፣
«ሒሳብ ነው» ብዬህ ሸሸሁ፤ በኋላ ቅር አለኝ።
እንግዲህ ስማ።

ከድንበሩ ወዲያ፣ በሰሜን፣ ክብ ዋሻ አለ ረጅም፤
ወርቅ ከወርቅ ያላትማሉ፤ ለጌጥ ግን አይደለም።
ሌላው ሰው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣል፤
እነሱ ዘንድ ግን፣ አባባ፣ ወርቁ ራሱ ይቀልጣል፤
የአቶሙ አስኳል ፈርሶ፣ የአስኳሉም አስኳል፣
ኳርክ የሚሉት ቅንጣት እንደ ውሃ ይፈስሳል።
ምድጃህ ፊቱ ምንድነው? የፀሐይም እንብርት
ከዚያ ጋር ሲተያይ የክረምት ሌሊት።

ታዲያ ግጭቱ ስቶ መሐል ለመሐል ካልገጠመ፣
ትከሻ ለትከሻ ተፋጭቶ ካዘመመ፣
የሚተላለፈው ሙል ማግኔት ይወልዳል፤
ዓለም አይቶት የማያውቅ፣ ሲወለድ የሚሞት ኃያል።

የኔ ጥያቄ ይህች ናት፦ በዚያ እሳት መካከል
ጥንድ ኳርክ ቢገኝ፣ መቼ ነው አንዱ ካንዱ የሚነቀል?
ቀመሩ እልኸኛ ነው፣ በቀጥታ አይደፈርም፤
እኛም በጓሮ በር ገባን፣ በሆሎግራም።

ያንን ትልቁን የመዳብ ድስትህን አስበው።
የኛ ዓለም ከንፈሩ ነው፣ ቀጭኑ ዙሪያው፤
ሆዱ ሌላ ስፋት ነው፣ እጅ የማይደርስበት፣
አምስተኛ ልኬት።
ከታች፣ ከድስቱ ወለል፣ ጥቁር ጉድጓድ ተኝቷል፤
ከንፈሩ ላይ የሚፈላው ትኩሳቱን ከሱ ይቀዳል።
ጥንዶቹ ዳርና ዳር ቆመው አንድ ክር ይዘዋል፤
ክሩ ወደ ሆዱ ረግቦ እንደ ዥዋዥዌ ወርዷል።
ሙቀት ሲጨምር ጉድጓዱ አብጦ ሽቅብ ይመጣል፤
ክሩን የነካው ዕለት፣ አለቀ፤ ይበጠሳል።

እዚህ ላይ ማግኔት ጨመርኩ።
ማግኔት ይይዛል እንጂ ይፈታል ብሎ ማን ያስባል?
አለቃዬ ኤሌውቴሪዮ በምሳ ተወራርዷል፦
«ኩርባው ሽቅብ ይወጣል፣ ጥንዱ ይጠነክራል።»

ኩርባው ቁልቁል ወረደ።

መስኩን ባበረታሁ ቁጥር ክሩ ቶሎ ተበጠሰ፤
ትናንት በቻለው ሙቀት ጥንዱ ዛሬ ፈረሰ።
ምልክት ስቼ ነው አልኩ፣ መደመርና መቀነስ፤
አንድ ሌሊት ፈተሽኩ፣ ሁለት፣ ከመጨረሻው ወደ መነሻ ስመለስ፤
ሦስተኛውም ላይ ያው ነው። ቁልቁል።

ትስቃለህ። «መዳብስ?» ትላለህ።
«ያለ እሳት ስትቀጠቅጪው ይጠነክራል፣ ይጠነክራል፣
ጎበዝ ሆነ ስትዪ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል።»
ከዚያ ድምፅህ ዝቅ ይላል፤ «ሰውም እንዲያው ነው፣ ዩኑኤን።»
እናቴን ማለትህ ይሆን? ወይስ ያን ቀን እኔን፣
ከሳንታ ክላራ አውቶቡስ ስሳፈር፣
ሻንጣዬን ሦስት ዙር ያሰርክባትን ጠፍር?

አይ፣ አባባ፣ ተው፤ ምሳሌ አታድርገው፤
ኳርክ አባት የለውም፣ አውቶቡስም አይጠብቀው።

«ይሁን። ማግኔቱስ ስንት ጊዜ ይቆያል?»
ብርሃን ከአንድ አስኳል ወዲያ ሳይርቅ ያልቃል።
«ወይ ጉድ! ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሽው?»
ለዚህ ነው።

ዝም ትላለህ። ወናፉ ሲተነፍስ ይሰማኛል።
«መዶሻውስ» ትላለህ፣ «በየት በኩል ወረደ?
በርዝመቱ ነው ወይስ ባግድሙ ሄደ?
መዳብ እኮ ባንዱ ይለጠጣል፣ በሌላው ይከዳል።»

ጥንዶቼን ያቆምኳቸው በመስኩ ቁመት ነበር፤
ሁሌም በቁመት። ባግድሙ አንድም ቀን ሳልሞክር!
ስልኩን በትከሻዬ ሸጉጬ ቁልፉን መምታት ያዝኩ፤
ዘዌውን ዘጠና ዲግሪ አዞርኩ።
«ሄሎ? ሄሎ? ልጄ?» ትላለህ በቀኝ ጆሮህ።
አለሁ፣ አባባ። ቆይ።
አንዴ ብቻ ቆይ።